«ሕዝቡ አያነብም» ለምትሉን

ይህችን አባባል በስድስት ኪሎ ግቢ ያልሰማ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። ከክፍል ስንወጣ ትባላለች፤ ሻይ ቤት ትባላለች፤ በግጥም ምሽት መድረክ ላይ ድምፅ ወፈር ተደርጎ ትባላለች። ከተባለች በኋላ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ሲያዩት ሐዘን ይመስላል፤ ግን አይደለም። «ሕዝቡ አያነብም» የሚል ሰው በጎን «እኔ ግን አነባለሁ» እያለ ነው።

እኛ ይህችን አባባል እንቃወማለን። የምንቃወማት ሰፊውን ሕዝብ ለማሞካሸት አይደለም፤ ማሞካሸትማ ከሰለቸን ቆይቷል። የምንቃወማት ሐሰት ስለሆነችና ሐሰትነቷም ሂሳችንን ስላበላሸው ነው። አንባቢ የለም ካልን ማንን ፈርተን እንጠነቀቃለን? ከመጽሐፉ ጀርባ ያለችውን አጭር ማስታወቂያ አንብበን አንድ ሰዓት ሙሉ ብንናገር ማን ያርመናል? እንዲህ እያልን ነው ስለ መጻሕፍት የምንሰጠው አስተያየት እርስ በርስ የምንበዳደረው፣ ከተበደርነውም በኋላ የማንመልሰው ዕቃ የሆነው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ጥቂት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መርካቶ እንወርዳለን። የምንጠይቀው ቀላል ነው። አሁን የምታነቡት ምንድነው? ከየት አገኛችሁት? ምኑ ደስ አላችሁ፣ ምኑስ አናደዳችሁ? (ለሚከተሉን አንድ ምክር አለን፤ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሱቅ አትግቡ። ከግብር ቢሮ የመጣችሁ ይመስላቸውና ቡናው ይቀርባችኋል።)

በመጀመሪያ የቆጠራውን ነገር እንናገር። «አያነብም» የሚሉት ሰዎች የሚቆጥሩት የተሸጠ ቅጂ ነው። በዚህ ቆጠራ ሦስት ሺህ ቅጂ የተሸጠ መጽሐፍ ሦስት ሺህ አንባቢ አለው ማለት ነው። ይህ ሒሳብ የግል መደርደሪያ ላለው ሰው ይሠራ ይሆናል። ሸማ ተራ ባንድ ሱቅ ውስጥ ያየነው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ግን ሽፋኑ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብጦ፣ ጀርባው በስኮች ተጠግኖ፣ በውስጠኛው ገጽ ላይ አሥራ አንድ ስም ተጽፎበታል። የመለሰ ሰው ስሙ ይሰረዛል። ያልተሰረዘ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ሰውየው እዚያው ጎን ካለው ሱቅ ተቀምጦ እያነበበ ነበር። የተሸጠ ቅጂ፦ አንድ። ያነበበ ሰው፦ አሥራ ሁለት፤ ባለቤቱ ስሙን በራሱ መጽሐፍ ላይ አይጽፍማ።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው ያ ነው። በዚያን ጊዜ የተሸጠ ቅጂ ቢቆጠር ዜሮ ነበር።

በጆሮ የሚነበበውንስ የት እንጻፈው? የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሟል። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ዳር እስከ ዳር የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ነው። በበርበሬ ተራ አንዲት እናት አግኝተናል፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማለትም ከ1971 ዓ.ም. በኋላ፣ ስማቸውንና ቁጥር ለመጻፍ ያህል ተምረዋል። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። የሰሙት ከሬዲዮ ነው፤ ደግሞ ደጋግመው። ስለ ጉዱ ካሣ ጠየቅናቸው። እኛ ሁላችን በግቢያችን ስለ ጉዱ ካሣ የምንለውን ታውቃላችሁ፤ የለውጥ ድምፅ ነው፣ ከዘመኑ የቀደመ ነው፣ ምሁር ነው። እትዬ እንዲህ አሉን።

«ጉዱ ካሣማ እውነት ይናገራል። ግን ልጆቼ፣ ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሣ አፍ ይልቅ አበጀ በለው አይደለም እንዴ ያስደነገጣቸው? ካሣ ተናገረ፣ እብድ አሉት፣ ቀረ። አበጀ ግን ገበሬውን ሰበሰበ። እናንተ ስለ ካሣ ብቻ ነው የምታወሩት፤ እንደናንተ የተማረና የሚናገር ስለሆነ ይሆን?»

በዚህ መጽሐፍ ላይ ከተሰጡት አስተያየቶች ውስጥ እንደዚህ ያለ ሹል አስተያየት በክፍል ውስጥ ሰምተን አናውቅም። በርበሬውን እየሰፈሩ ነው የተናገሩት። እስቲ አሁን እትዬን ከየትኛው ዓምድ እናስገባቸው? ከሚያነብ ወይስ ከማያነብ?

የሃይማኖት መጽሐፍ የሚያነበውንም ከአንባቢ የማይቆጥሩ አሉ። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያሉትን የመጻሕፍት ሱቆች፣ በራጉኤል ደጅ የሚሸጡትን የጸሎት መጻሕፍት አልፈው ሄደው «መጽሐፍ የለም» ይላሉ። በየቀኑ ዳዊት የሚደግም ሰው ስለ ዳግም ንባብ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። እኛ አንድ ልብ ወለድ ሁለት ጊዜ አንብበናል የምንል ስንት ነን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በዚህ ሰዓት መርካቶ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የትኛው መጽሐፍ ነው ብትሉን ልብ ወለድ ነው ብለን አንዋሻችሁም። ስለ ሀብት፣ ስለ ስኬት፣ ስለ አእምሮ ኃይል የሚሰብኩ ትርጉሞች ናቸው። አዟሪዎቹ በክንዳቸው ከሚደረድሩት ውስጥ ከላይ የሚታዩት እነሱ ናቸው። የሁሉም አውራ አሜሪካዊው ሮበርት ኪዮሳኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው የሀብታም አባትና የደሃ አባት መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ ዋና ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ሀብት ማለት ገንዘብ ወደ ኪስህ የሚያስገባ ነገር ነው፤ ዕዳ ማለት ከኪስህ የሚያወጣ ነገር ነው፤ ስለዚህ የምትኖርበት ቤት ሀብትህ አይደለም፤ ደመወዝ ስትጠብቅ አትኑር፤ ገንዘብህ ይሥራልህ።

በግቢያችን ይህን መጽሐፍ በተመለከተ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ ጎራ እንደ ወንጌል ያየዋል፤ ስልኩ ላይ ጥቅሱን ለጥፎ ይዞራል። ሌላው ጎራ ሳያነበው ይንቀዋል። ሁለቱም አያስፈልጉንም።

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ አንድ አባት፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ መርካቶን ያልለቀቁ፣ ይህን መጽሐፍ ከሠራተኛቸው ነጥቀው በሦስት ሌሊት ጨርሰውታል። «ልጁ ሥራ ትቶ ምን እንደሚያይ ልወቅ ብዬ ነው» አሉን። አስተያየታቸውን ስንጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው፦

«ሰውየው ብልህ ነው። ግን ዕቁብ አያውቅም።»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«የመጀመሪያ ዕቃዬን የገዛሁት በዕቁብ ነው። ዕጣ ሳይወጣልኝ ደግሞ አንድ ሰው ጣቃ ጨርቅ በዱቤ ሰጠኝ፤ ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም፤ ስሜን ብቻ ይዞ። ቀኑ ሲደርስ ከፈልኩ። ሌላው ሰማ፤ እሱም ሰጠኝ። የእኔ ሀብት ይህ ነው። ይህ ሰውዬ ሀብትህን በዚህ ዓምድ፣ ዕዳህን በዚያ ዓምድ ጻፍ ይላል። ስሜን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?»

ቀጠሉ። «ቤት ግዛ፣ አከራይ፣ ኪራዩ ይብላህ ይላል። ይህን ሱቅ የተከራየሁት ከመንግሥት ነው። ከኔ በፊት የነበረውም እንደዚያው። ግድግዳው የኔ አይደለም፣ መሬቱ የማንም አይደለም። የኔ የሆነው ደንበኛው ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ የገባው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። መሬት ዛሬም አይሸጥም፣ አይለወጥም። የኪዮሳኪ መጽሐፍ የቆመው መሬትና ቤት እንደ ልብ በሚሸጥበት፣ ባንክ ለተራ ሰው በቤት መያዣ በሚያበድርበት አገር ላይ ነው። ከመጽሐፉ አንዱ እግር መርካቶ ሲደርስ የሚረግጠው መሬት የለውም ማለት ነው። ይህን ያየው ማነው? በኢኮኖሚክስ የሚመረቀው ወዳጃችን አይደለም፤ እሱ ጥቅሱን ለጥፏል። ያዩት ጨርቅ ሻጩ ናቸው። ትርጉም መጥፎ ነው አላሉም፤ እኛም አንልም። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያን ወረራ የቀረ ነው፤ ሕዝቡ ግን ስሙን ተቀብሎ ገበያውን የራሱ አድርጎታል። መጽሐፍም እንዲህ ነው መነበብ ያለበት፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ተገላብጦ፣ «ይሄ እዚህ አይሠራም» ተብሎ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። አላበቃም። መጽሐፉ የተነጠቀበት ሠራተኛ እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር። ዕድሜው ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ከወልቂጤ አካባቢ የመጣ፣ ቀን ጣቃ እየተሸከመ ማታ የሚማር። ጋሼ ደንበኛ ሊያስተናግዱ ዞር ሲሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለን።

«ጋሼ እውነታቸውን ነው። ግን እሳቸው ስም አላቸው። ለኔ በስሜ ጣቃ የሚሰጠኝ ማነው? መጽሐፉ ቢዋሽም ትችላለህ ብሎኛል። ሌላ ማንም አላለኝም።»

የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ልጅ ምን እንመልሳለን? መጽሐፉን በክፍል ውስጥ በንድፈ ሐሳብ ብንደበድበው ለልጁ ምን ይተርፈዋል? እኛ ግን ዝም ማለትን አንመርጥም። መጽሐፉ «ትችላለህ» ብሎ በሚያበረታበት አፉ ሌላም ነገር ይላል፤ ደሃ የሆንከው እንደ ደሃ ስለምታስብ ነው ይላል። አንድ ኩንታል በጀርባው ተሸክሞ የምናለሽ ተራን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ችግሩ አስተሳሰቡ ነው ማለት ስድብ ነው። ስድብና ማበረታቻ ባንድ ጠርሙስ ተቀላቅለው ይሸጣሉ። ይህን ለልጁ ነግረነዋል። አልተስማማም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያሰመረበትን ገጽ ይዞ መጥቶ ተከራክሮናል፤ ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። እኛ ግን ከሥራ አጥነት ጋር ተፋጠው ይህን መጽሐፍ ትራስ ሥር አድርገው ለሚተኙት ምሩቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንለው አንድ ነው፦ ቢያንስ እንደ ልጁ አስምሩበት፤ ቢያንስ እንደ ነጋዴው «ይሄ ሰው ዕቁብ ያውቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ስለ «ኦሮማይ» እንናገር። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር መታተሙ ደግሞ ወሬውን እንደገና ቀሰቀሰው። ጥሩ ነው። ግን ታዝባችሁ እንደሆነ በእኛ ዘንድ ስለ «ኦሮማይ» የሚወራው ስለ በዓሉ መጥፋት ብቻ ነው። የደራሲው ዕጣ መጽሐፉን ዋጠው። ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም፤ ማን ገደለው እንጂ።

በአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ ሰው አሉ። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወታደር ሆነው ናቅፋ ግንባር ነበሩ። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብበውታል፤ ቅጂውን በኪሎ ከገዛ ቁራሌው ላይ ነው ያገኙት። ስለ በዓሉ ሞት አንድ ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ይህን ነው፦

«ጥሩ መጽሐፍ ነው። ግን አሥመራ ላይ ይቆያል፣ ናቅፋ ላይ ይቸኩላል። እኛ ደግሞ አሥመራን ያየናት በመኪና ስናልፍ ነው። የቆየነው ናቅፋ ነው።»

መጽሐፉን የምታውቁ ሄዳችሁ ገጹን ቁጠሩ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያምና ፊያሜታ፣ ሆቴሉ፣ ስብሰባው፣ ሰላዩ፤ ብዙው ገጽ የከተማ ነው። ተራራው የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ለዚህ መልስ መስጠት ይቻላል፤ ደራሲው ሊያሳየን የፈለገው ጦርነቱን በወረቀት ላይ ያቀዱትን ሰዎች ነው፣ ስለዚህ ከተማው ላይ መቆየቱ ግድ ነው እንላለን እኛ። ለጥበቃው አባባም ይህን ብለናቸዋል። «ይሁን» አሉን፤ «እንግዲያው ናቅፋን የሚጽፍ ሌላ ሰው ይምጣ።» ከዚህ የሚበልጥ ሂስ ምን አለ? የጎደለውን ጠቆሙ፤ የሚቀጥለውን ሥራ አዘዙ።

በግቢያችን የሚናቁ መጻሕፍት ዝርዝር ረጅም ነው፤ «ዴርቶጋዳ» ከላይ ይቀመጣል። የጣና ገዳማትን ከውጭ አገር ሰላዮች ጋር ያገናኘ፣ ሮጦ የማይደክም ታሪክ ነው። የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ደግሞ በመንዝና በገዳሞቿ ምሥጢር ላይ የተመሠረተ ነው። «የገበያ ጽሑፍ» ይሏቸዋል። የገበያ ጽሑፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መርካቶ ቆመን ስናስበው ነገሩ ስድብ መሆኑ ቀረብን። ዓለማየሁ ዋሴ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠና የሥነ ምኅዳር ሊቅ ነው፤ ያን የሚያውቅ አንባቢ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ዛፍ በሌላ ዓይን ያያል። ይህን ሳያውቅ የሚንቅ ሰው የናቀው ያላየውን ነው።

ይህን ስንል ሕዝቡ የወደደው ሁሉ ጥሩ ነው ማለታችን እንዳይመስላችሁ። ያ ሌላው ውሸት ነው። ሸማ ተራ ያሉት ልጆች «ዴርቶጋዳ»ን የሚወዱት የእኛ ሰው በዓለም ላይ ከማንም ይበልጥ ብልህ ሆኖ ስለሚታይበት ነው። ይህን ራሳቸው ነግረውናል። እኛም መልሰን፦ መጽሐፍ አንባቢውን እንዲህ ሲያሽሞነሙነው መጠርጠር አለበት፤ ዕቃው ከሚገባው በላይ የሚያሞግሳችሁን ደላላ አትጠረጥሩም ወይ? አልናቸው። አንዱ ሳቀና «ደላላ ቢያሞግሰኝም ዕቃው ጥሩ ከሆነ እገዛለሁ» አለ። ሌላው ግን ዝም ብሎ ቆየና «ከመሃል ጀምሮ ማንም አይሸነፍም፤ ሁሉን አስቀድመው ያውቃሉ፤ ለዚያ ነው መጨረሻው ያልመሰጠኝ» አለ። ክርክር ማለት ይህ ነው። ንቀት ቢሆን ኖሮ ይህችን ዐረፍተ ነገር ባልሰማናት።

የሚመለኩት መጻሕፍትስ? አዳም ረታ። እኛ አዳምን እናከብራለን፤ «ግራጫ ቃጭሎች» ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ከፊተኞቹ አንዱ ነው ብለን እንከራከራለን። የሚያናድደን አምልኮው ነው። አዳም ስለ አጻጻፉ «ሕጽናዊነት» የሚል ሐሳብ አምጥቷል፤ ምሳሌውንም ከእንጀራ ወስዷል፤ እንደ እንጀራ ዓይኖች ታሪኮቹ ብዙ ሆነው፣ እርስ በርስ ተያይዘው የሚኖሩበት አጻጻፍ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። በግቢያችን ግን «ሕጽናዊነት» የይለፍ ቃል ሆነ። «የስንብት ቀለማት»ን ጀምሮ ያልጨረሰው ሁሉ ቃሏን ጠንቅቆ ያውቃታል። «ምን ማለት ነው?» ብለህ ስትጠይቀው «እ… እንደ እንጀራ» ይልሃል፤ በቃ።

ይህንኑ ሐሳብ አውቶቡስ ተራ አካባቢ እንጀራ ለምትሸጥ አንዲት እኅት ነገርናት። የነገርናት ለፈተና አይደለም፤ ስለ እንጀራ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚል ለመስማት ነው። አሰብ አደረገችና፦

«ዓይኑ ዝም ብሎ አይመጣም እኮ። ሊጡ ስለቦካ ብቻ ዓይን አያወጣም። ከሊጡ ትንሽ ቀንሰህ በፈላ ውሃ ታበስልና መልሰህ ትቀላቅለዋለህ፤ አብሲት ነው እሱ። አብሲት ያልተጣለበት ዓይነ ስውር ነው የሚሆነው። ሰውየው አብሲቱን የት ነው የጣለው?»

እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ መልሱ። ከታሪኩ ውስጥ የትኛው ነው ተቀንሶ፣ ለብቻው በስሎ፣ ወደ ሊጡ የተመለሰው? የትኛው ትዝታ? የትኛው ገጸ ባሕርይ? በ«ግራጫ ቃጭሎች» ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ወዳጃችን ይህን ጥያቄ ይዞ መጽሐፉን እንደገና ከፍቶታል። ያገኘውን ሲነግረን እናትማለን።

ጥቂት ስለ ዋጋ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ወረቀት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፤ የማተሚያ ወረቀት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ዛሬ አንድ ወፈር ያለ አዲስ ልብ ወለድ የቀን ሠራተኛን የቀን ገቢ ይበላል፤ አንዳንዱም ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ መጽሐፍ በኪሎ ከሚገዛው ቁራሌው፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ፣ ከጓደኛ ይገኛል። ወይም በቴሌግራም ይወርዳል። ይህ የመጨረሻው የደራሲውን እንጀራ መንጠቅ ነው፤ ይህን ሳናመነታ እንናገራለን፤ በተለይ ለግቢያችን ሰዎች፣ ለማኪያቶ የማይጨነቁት ሆነው ለመጽሐፍ «ፒዲኤፍ የለህም?» ለሚሉት። ሸማ ተራ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ቅጂ ሲያነብ ያቺ አንዷ ቅጂ ተገዝታ ነው። የእናንተስ?

አንድ የቅመም ሱቅ ውስጥ የዕርድ መጠቅለያ ሆኖ የተቀደደ ገጽ አግኝተናል፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አልታወቀንም፤ ከመሃል የተገነጠለ ነው፤ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ለመግባት ሲያመነታ ያበቃል። የሱቁ ልጅ «እኔም ገባ ወይስ ተመለሰ እያልኩ ሳምንት ሆነኝ» አለን። ሌላውን ገጽ ለማግኘት የቀሩትን መጠቅለያዎች ሁሉ ገልብጧል። ይህን ልጅ «አያነብም» የሚል ሰው እስቲ በዓይኑ አይቶ ይበለው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በዚህ መጽሔት ስለ መጽሐፍ አስተያየት የሚልክ ሁሉ ከእንግዲህ ወዲያ ገጽ ይጥቀስ። «ድንቅ ነው»፣ «ወርዷል»፣ «ጥልቅ ነው» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን ሲመጡ አንቀበልም፤ የት ላይ ነው ጥልቅ የሆነው? ከየትኛው ገጽ ጀምሮ ነው የወረደው? ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ከግቢ ውጭ ላለ ቢያንስ ለአንድ ሰው አንብቦ ወይም ነግሮ የሰማውን ይጻፍልን፤ ቢቃወመውም። መምህራኖቻችንም ቢሆኑ ከዚህ ደንብ አይወጡም፤ ይከፋቸዋል ብለን አንፈራም።

የሚመጣው ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሲኒማ ራስ ፊት ለፊት እንገናኛለን። የያዝነው አንድ «ግራጫ ቃጭሎች»ና ሁለት «አልወለድም» ነው። ያ የአቤ ጉበኛ መጽሐፍ በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ የታገደው ነው፤ ጨርቅ ሻጩ አባት «አንብቡልኝና እኔ ልፍረድ» ብለው አዘውናል። «ግራጫ ቃጭሎች»ን በተራ ለመውሰድ የምትፈልጉ ስማችሁን በውስጠኛው ገጽ ትጽፋላችሁ፤ እስካሁን አምስት ስም አለበት፣ ሁለቱ ገና አልተሰረዙም።